እስኪለመን የሚጠብቅ ገዢ

ሲጋበዝ «አሁን በላሁ» የሚል፣ ሦስቴ ካልተለመነ እጁን የማይታጠብ ሰው አታውቁም? ጎረቤቴ ጋሽ ግርማ እንደዚያ ናቸው። ለምሳው ይሁን፤ ለሕንፃም?

እዚህ አሜሪካ፣ ብሩክሊን ፓርክ ያለው አፓርታማችን ሊሸጥ ሆነ። በውላችን መሠረት የመግዛት ቅድሚያው የእኛ የተከራዮቹ ነው። ተሰብስበን እንግዛ አልን፤ ጋሽ ግርማን ወኪል አደረግን። አከራያችን መጥቶ «ትገዛላችሁ?» ሲላቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ!» አይሉም! እስኪለመኑ ነው እኮ። ሰውየው ግን ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሣ።

ሚስታቸው ሮጠው በሩ ላይ ቆሙ። «ዬስ ነው ያለው! ኧረ ግርማ፣ እዚህ አገር ሁለቴ አይጠየቅም!»

ይኸው፣ ሕንፃው የኛ ሆነ። አከራያችን ቁልፉን ሲያስረክባቸው ጋሽ ግርማ ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«ውይ፣ ለምን ተቸገርክ!»