ቢጫዋን ልመልስ ስሄድ

ባለቤቴ ክረምት ላይ አረፈች።

ለአብዛኞቻችን ዓሣ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚበላና የሚታይ። ከዚያ በላይ ከጠየቃችሁ ሻጩ እዚያው ስም ፈጥሮ ይሰጣችኋል። እኔም ባለቤቴ ቤቴል ካለ ዓሣ ሱቅ ያመጣቻቸውን፣ ጣት የማያክሉ ሁለት ዓሦች የተለያየ ዘር አድርጌ ነበር የያዝኳቸው። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ ክንፉ የነጠላ ጥለት የመሰለ። ሌላዋ ትንሽ፣ አመድማ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት። ልጃችን ሰማያዊውን «የእማዬ ዓሣ» ትለዋለች።

ሰሞኑን አመድማዋ ድንገት እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነች። ጠባይዋም አብሮ ተለወጠ። መስታወቱ ውስጥ ከደፋነው የሸክላ ገል ሥር እየወጣች ሰማያዊውን ትነክሰዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ክንፉ ተተልትሎ፣ ጥግ ላይ ተለጥፎ ሲያለከልክ ልጄ አየችው። አላለቀሰችም።

«እሱም ሊሄድ ነው?» አለችኝ።

ቢጫዋን በፌስታል ውሃ ያዝኳት፣ ልጄን ለጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ ሰጥቼ ከሰፈራችን ከዓለም ባንክ የቤቴል ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «ይቺስ አትከፍልም?» ብሎ ቀለደብኝ።

ሱቁ ደርሼ ፌስታሉን ሳነሳ ቢጫ ቀለሟ የለም። ከሻጩ መስታወት ውስጥ፣ ከሰማያዊዎቹ ጋር ከሚዋኙት አመድማዎች አንዷን መስላለች። ቢሆንም የባለቤቴን ስም ጠርቼ፣ ተናካሽ ዘር ሸጥክላት አልኩት።

«ዘራቸው አንድ ነው፣ ወንድሜ። ባለቤትህ ወንድና ሴት ካልሆኑ አልወስድም ብላ አይደል ስታደርቀኝ የዋለችው? ቢጫ የምትሆነው እንቁላል ጥላ ስትጠብቅ ነው። አባትየውንም የምታባርረው እንዳይበላባት ነው። ገሉን ገልብጠህ አይተሃል?»

አላየሁም።

«ታዲያ እናትየዋን ይዘህ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ እንጂ። ባለቤትህንም ሰላም በልልኝ።»

እሺ አልኩት።

መንገዱ ተዘጋግቷል። ፌስታሉን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ያ ምስኪን ያልነው ሰማያዊ እስካሁን ስንቱን እንቁላል እንደበላ አሰብኩ። ልጄን ላጽናና ብዬ የሌሎቹን እናት ነጥቄ ወጥቻለሁ።

ቤት ስገባ ገሉን በጣቴ ቀና አደረግኩት። ከሥሩ ቀያይ ነጠብጣቦች ተለጥፈዋል፤ አንዱ ጎን ባዶ ነው። እናትየዋን ለቀቅኳት። ጥቂት ቆመች፣ ከዚያ ተወርውራ ገሉ ሥር ገባች። ሰማያዊውን ጨልፌ ሳፋ ውስጥ ጨመርኩት።

«ብቻውን ነው የሚያድረው?» አለች ልጄ።

«አባት አይደል? ይችለዋል» አልኳት።

እሷ ስትተኛ ሳፋውን አንስቼ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩት።