በእኛ ክፍል ሁሉም ሃያ ይተነፍሳል

ከቁጥሮች ሁሉ እንደ ሃያ ጨዋ ቁጥር አላየሁም። በበሽተኛ ቅጽ ላይ «የትንፋሽ ብዛት በደቂቃ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ስምንት ብትጽፉ «ምነው አነሰ?» የሚል ይመጣል። ሠላሳ ብትጽፉ ሐኪም ይጠራል፤ ሐኪም ከተጠራ ደግሞ ሥራ ይከተላል። ሃያ ግን ማንንም አያስቀይምም። አለቃ አይቶት ያልፋል፣ በሽተኛው አይከፋውም፣ እናንተም ሻያችሁን ሳይቀዘቅዝ ትጠጣላችሁ። ይህን የምነግራችሁ በስሚ ስሚ አይደለም። ለዓመታት የሰው ትንፋሽ የቆጠርኩ፣ ማለትም ሃያ እያልኩ የጻፍኩ ነርስ ነኝ።

የምሠራው ሞያሌ ነው፤ ከኬላው ወዲህ ባለችው፣ በኬንያዋ። በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር ከኢትዮጵያ በስደተኛነት ገብቼ፣ እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ ሰው ሆኛለሁ። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ስዋሂሊም ስለምችል በሽተኛ በየትኛውም ቋንቋ ቢያቃስት ይገባኛል። የሆስፒታላችንን ስም ልተወው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አለን፤ ስሙ ከክፍሉ ይሰፋል። አራት አልጋ፣ አንድ ማሽን፣ እኔና ባልደረባዬ ገልገሎ ነን። ማሽኑ የልብ ምት ይቆጥራል፣ በጣት መቆንጠጫው ደግሞ የደም ኦክስጅን ይለካል። ትንፋሽ የሚቆጥርበት ገመድ ግን ከመጀመሪያውም አብሮት አልመጣም። ስለዚህ ትንፋሽ የሚቆጠረው በዓይን ነው። ደንቡም ግልጽ ነው፦ የበሽተኛውን ደረት እያዩ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር።

አንድ ደቂቃ አጭር የሚመስለው ደረት ላይ አፍጥጦ ለማያውቅ ሰው ነው። በዐሥረኛው ሰከንድ አፍንጫ ያሳክካል። በሃያኛው ስልክ ይጮኻል። በሠላሳኛው አንድ ጠያቂ ብቅ ብሎ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቃችኋል። በሽተኛውም ቢሆን እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ይገተራል እንጂ እንደ ልቡ አይተነፍስም። ታዲያ እሱ እያስመሰለ እኔ ብቆጥር ትርፉ ምንድን ነው? እኔም ባስመስል ይቀላል ብዬ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ሳለን ዋንጂሩ የምትባል ተማሪ ከናይሮቢ መጣች። በጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነበር። የጥናቷ ጥያቄም ያማረ ነበር፦ ሁለት ነርሶች አንድን በሽተኛ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ቢቆጥሩ፣ ቁጥራቸው ይስማማል ወይ? ለየራሳችን የሩጫ ሰዓት ሰጠችን። ቅጹን እየሞላን በየፖስታው እንድናሽግ አሳየችን። ሦስት ወር ቆጥራችሁ ጠብቁኝ ብላን ሄደች።

ጎበዝ ልጅ ናት። የረሳችው ነገር ቢኖር እኔና ገልገሎ ለስንት ዓመት አብረን ሻይ የጠጣን ሰዎች መሆናችንን ነው። ለመስማማት መቁጠር አያስፈልገንም። ገልገሎማ የከሰዓቱን ትንፋሽ ጧት ጽፎ ፖስታውን ያሽገው ነበር። በሽተኛው እስከዚያ ቢሞትስ ብዬ ብጠይቀው «ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ያኔ እናየዋለን» አለኝ። እኔ እንኳ እንደ እሱ አልዳፈርም። ሰዓቱ እስኪደርስ ጠብቄ ነበር ሃያ የምጽፈው። ሕሊና ያለኝ ሰው ነኝ።

በጥናቱ የመጨረሻ ቀን አልጋ ቁጥር ሦስት ላይ የተኙት ሀጂ ሙክታር ነበሩ። ሀጂ ማንያታ ሰፈር የሚኖሩ፣ በሎሪ ኡራን መንደር ድረስ እየሄዱ ከብት የሚገዙ ነጋዴ ናቸው። አንድ በሬ አልሸጥም ብሎ ነው መሰል ባታቸውን ወጋቸው፤ ቁስሉ አመርቅዞ እኛ ዘንድ ገቡ። ባለቤታቸው እማማ ዘሃራ ከአልጋው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ንቅንቅ አላሉም።

ከቀትር በኋላ እማማ ዘሃራ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡና «ዳክታሪ፣ ሀጂ ዛሬ እየቀደመኝ ነው» አሉኝ። በዚህ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዳክታሪ ነው፤ እኔም ተቃውሜ አላውቅም። ወዴት ነው የሚቀድሙዎት፣ ከአልጋ መች ወረዱ አልኳቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሀጂ አንዴ ሲተነፍሱ እሳቸው አንድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አንዲት ፍሬ ይስባሉ። ትንፋሽ የሚሰጠው አላህ ነውና ለእያንዳንዱ ምስጋና ይገባዋል አሉ። ትናንት ቃሉን ጨርሰው፣ ዐረፍ ብለው፣ ቀጣዩን ትንፋሽ ይጠብቁት ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ አፋቸው ውስጥ እያለ ሌላው ይመጣል። «ምስጋናው አልደርስበት አለኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ እንግዲህ የተማርኩ ሰው ነኝ። በሙያዬ ኮራ ብዬ የሀጂን ቅጽ አነሣሁና አነበብኩላቸው። ትናንት ጧት ሃያ፣ ትናንት ማታ ሃያ፣ ዛሬ ጧት ሃያ። እማማ ዘሃራ በጥሞና አዳመጡኝና ሀጂ እንቅልፍ ወስዶት ሳለም ሃያ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ አልኩ። ትናንት መረቁ ጨው የለውም ብሎ ሲቆጣህስ አሉኝ። ያኔም ሃያ አልኩ። ቅጹን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ «ታዲያ ይሄ ቁጥር የማን ነው?» አሉኝ።

ተናደድኩ። ሰው የሚናደደው መልስ ሲያጣ መሆኑን ያኔ አላስተዋልኩም። ላሳምናቸው ብዬ የዋንጂሩን የሩጫ ሰዓት ይዤ ወደ አልጋው ሄድኩ። ሀጂ እንዳይገተሩብኝ የልብ ምት እንደሚለካ ሰው እጃቸውን ያዝኩ፤ ዓይኔን ደረታቸው ላይ ተከልኩና ጀመርኩ። አፍንጫዬን አሳከከኝ፣ ተውኩት። ስልኬ ጮኸ፣ ተውኩት። ደቂቃው ሲሞላ ሠላሳ ስምንት ላይ ነበርኩ። ተሳስቻለሁ ብዬ ደገምኩት። ሠላሳ ስምንት።

ማሽኑ አሁንም ደህና ናቸው እያለ ነው። የያዝኩት እጅ ግን ይፋጅ ጀምሯል። አካል ሊከዳ ሲል ከሁሉ በፊት የሚናገረው ትንፋሽ መሆኑን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ፈራሁ። አፈርኩም። ሀጂ ከጧት ጀምሮ ስንት ሰዓት ሲቀድሟቸው እንደቆዩ የሚያውቁት እማማ ዘሃራ ብቻ ናቸው፤ የእኔ ወረቀት ግን ሃያ ይላል።

ሐኪሙን ሮጬ ጠራሁት። ቁስሉን ሲከፍተው ላዩ የዳነ መስሎ ከሥሩ መግል ቋጥሮ ተገኘ፤ መመረዙ ወደ ደም ማለፍ ጀምሯል። መግሉ ወጣ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ፣ ግሉኮስ ተተከለ። ሐኪሙ በቶሎ ስለደረስኩበት አመሰገነኝና እስከ ነገ ቢቆዩ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር አለ። ምስጋናውን ወደ ምንጣፉ ባሳልፈው ደስ ባለኝ፤ እኔ ግን አንገቴን ነቅንቄ ተቀበልኩት።

ሁሉም ሲረጋጋ የዘጠኝ ሰዓቱን የጥናት ቅጽ አወጣሁና ሠላሳ ስምንት ብዬ ጽፌ አሸግኩት። ገልገሎን ያንተን አስተካክለው እንጂ ስለው ፖስታው ከጧት ጀምሮ የታሸገ መሆኑን አስታወሰኝ። የታሸገ መክፈት የጥናቱ ደንብ አይፈቅድም አለኝ፣ በጣም ኮስተር ብሎ።

ሀጂ ከዚያ በአራተኛው ቀን መረቁን ሲሳደቡ ሰማሁና ድነዋል አልኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዋንጂሩ ውጤቷን ልታቀርብልን ተመልሳ መጣች። ሻይና በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ቀረበ፣ አለቆች ተሰበሰቡ። የእኔና የገልገሎ ስምምነት በመጻሕፍት ካነበበችው ሁሉ እንደሚበልጥ ተናገረች። ተጨበጨበልን፤ ገልገሎ ራሱም አጨበጨበ። ዋንጂሩ ቀጠለችና አንዲት እንከን ብቻ ነበረች አለች። አልጋ ሦስት፣ በመጨረሻው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንዱ ነርስ ሃያ ሲል ሌላው ሠላሳ ስምንት ብሏል። ከአማካሪዋ ጋር ተነጋግረው የቆጠራ ስህተት መሆኑን ስላመኑበት ሰርዘውታል። የማን እንደሆነ ላለመናገር ጨዋነቷ ያዛት፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር።

ስብሰባው ሲበተን ተከትያት ወጣሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት። የቆጠርኩት ያንን አንዱን ብቻ ነው፣ ከቻልሽ እሱን አስቀሪና ሌላውን ጣይው አልኳት። እስኪበቃት ሳቀች። እናንተ ኢትዮጵያውያን ቀልድ ታውቃላችሁ አለችኝና፣ ድካም ማንንም ያሳስታል ብላ አጽናናችኝ። በማግስቱ በትክክለኛ ልኬት ላሳየሁት ብቃት የምስክር ወረቀት ደረሰኝ።

ዛሬ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤ ሻዬ ይቀዘቅዛል። የምስክር ወረቀቱን ማንያታ ያለው ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እዚያ ከተመሰከረላቸው ሃያዎች አንዱም እስከ ዛሬ ደጄን አንኳኩቶ አያውቅም። ስህተት ተብለው የተሰረዙት ሠላሳ ስምንት ግን አርብ አርብ ከዘራቸውን ይዘው፣ ትንሽ እያነከሱ፣ ወደ መስጊድ በደጄ ያልፋሉ፤ ሲያልፉም «ዳክታሪ፣ የሆስፒታሉ መረቅ ጨው ገባለት?» ይሉኛል።