ንቦቼ ጥለውኝ የሄዱ ሰሞን

ሰው ስለ ልጁ ሲያወራ ትንሽ ይጨምራል አይደል? እኔ ደግሞ ስለ ማኅበራችን ሳወራ እጨምራለሁ። ኋላ እንዳትታዘቡኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ግን ምን ላድርግ? የአምባ ጊዮርጊስ ንብ አናቢ ሆኖ አለመኩራት እኮ ከባድ ነው። ብርዱ አጥንት ዘልቆ በሚገባበት ደጋ ላይ ንብ አንቦ ማር መቁረጥ ቀልድ ነው እንዴ? ቆላ ላይማ ማንም ያደርገዋል።

በማኅበሩ ውስጥ ያለኝ ሥልጣን አንባቢነት ነው። አትሳቁ። ሊቀ መንበር አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ እኔ ደግሞ አንባቢ ነኝ። ማኅበሩ አንድ የንብ እርባታ መጽሐፍ አለው፤ አንድ ብቻ። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ የቆጠሩትም መነጽራቸውን ቤት ረስተው ይመጣሉ። ስለዚህ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከወይራው ሥር እንሰበሰብና እኔ አነባለሁ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ስለሆንኩ ድምፅህ ሸጋ ነው ይሉኛል። እኔም አላስተባብልም።

ማንበብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ክርክሩ ነው ዋናው። አንድ ቀን አውራዋ ንብ ሴት ናት የሚለው ገጽ ላይ ደረስኩ። አያ ታከለ የማኅበራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከአባታቸው በወረሱት የጭቃና የእበት ቀፎ እስከ ዛሬ ንብ ያረባሉ። ይህን ሲሰሙ ድጋሚ አስነበቡኝ። በመጨረሻ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጌታዬ ሲሉት የኖሩት ንብ ሴት መሆኑ ቅር እንዳላሰኛቸው፣ ይህን ገጽ ግን ሚስቶቻችን ባሉበት ባላነበው ደግ እንደሆነ ነገሩኝ። የዚያን ቀን ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ታዲያ መጽሐፉ አንድ ሕመም አለው። ከማር ስለማይርቅ ማር ጠጥቷል፤ እዚህም እዚያም የተጣበቁ ገጾች አሉት። እነሱ ጋ ስደርስ ጉሮሮዬን እጠርግና ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ። አንድም ሰው ነቅቶብኝ አያውቅም።

አምና መስከረም ላይ ትልቅ ወሬ መጣ። ከጎንደር፣ ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ፣ ተማሪዎች ስለ ንብ ሊማሩ እኛ ዘንድ ሊመጡ ነው ተባለ። እኛ ዘንድ። እነሱ ከእኛ ሊማሩ። ማኅበሩ ተሰብስቦ እንግዶቹ የሚያዩት የእኔን ጓሮ እንዲሆን ወሰነ፤ ምክንያቱም ዘመናዊ ቀፎ ያለኝ እኔ ነኝ፣ አንባቢውም እኔ ነኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ጠበበኝ።

እና ምን አደረግሁ? ጎንደር ወርጄ ቀለም ገዛሁ። የዘይት ቀለም፣ ቢጫና ሰማያዊ። ነጋዴው ለበር ነው ለመስኮት ብሎ ጠየቀኝ። ለንብ ነው ስለው አንዴ እኔን፣ አንዴ ጣሳውን አየና ብሩን ተቀበለኝ።

ባለቤቴ ስንዱ ትባላለች። ቀለሙን ስታይ፣ ሰው ያለበት ቤት ሲቀባ እንኳ ራስ ያዞራል፣ ንቧ ምኗ ይችለዋል፣ ተው አለችኝ። እኔ ምን እላለሁ? መጽሐፉ አይከለክልም አልኳት። እስካነበብኩት ድረስ እውነቴን ነበር። አመሻሽ ላይ የንብ ልብሴን ለብሼ ቀፎውን ዙሪያውን ቀባሁት፤ መግቢያውን ሳይቀር። ከሩቅ ሲታይ የሰርግ ቤት መሰለ።

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ንቦቼ ግልብጥ ብለው ወጡ። እኔ ጣሳ እየደበደብኩ፣ ስንዱ ውኃና አፈር እየረጨች፣ እረፉ እረፉ እያልን አጥር ለአጥር ሮጥን። አላረፉም። የገበያው ሰው አንጋጦ እያያቸው በላዩ አልፈው ወደ ገደሉ ሄዱ።

አሁን እናንተ፣ ታዲያ ምን አለበት፣ ሌላ ንብ ይገኛል ትሉ ይሆናል። የእኛን አገር ስለማታውቁ ነው። እኛ ዘንድ ንብ ዝም ብላ ቤት አትለቅም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ነው የምትሄደው፤ ይህን የማያምን ሰው በወረዳችን በወገራ ፈልጋችሁ አታገኙም። ስለዚህ ንቦቼ በገበያው ላይ ሲያልፉ የእኔንና የስንዱን ጠብ እያወጁ ነበር የሄዱት። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር ድምፃችን ከአጥር ወጥቶ አያውቅም።

በማግሥቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ከፊት አያ ታከለ። ደጅ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን አደላድለው፣ “ምነው መምህር? ለእኛ ለአዛውንቶቹ የምታነብ ሰው፣ ምነው እንዲህ ይሆናል?” አሉኝ።

አልተጣላንም አልኳቸው። አያ ታከለ ፈገግ አሉ። ተጣልተናል ብሎ የሚጀምር ባልና ሚስት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ቀፎውን አዩት፤ ቀለሙ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ተነቃብኝ አልኩ። አያ ታከለ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ቤት ተሠርቶላት ጥላ የምትሄድ ንብ ጠቡ ምን ያህል ቢብስባት ነው አሉ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ቀለም ቀባሁባቸው ብል አንባቢነቴ ቀረ፤ እንግዶቹም ወደ ሌላ ጓሮ ሄዱ። ተጣልተናል ብል ደግሞ የሚነካው የቤቴ ስም ነው። አፌ ከእኔ ቀድሞ መረጠ። አዎ፣ ትንሽ ተጋጭተን ነበር አልኩ።

በምን ተጋጫችሁ ሲሉኝ ምን ልበል? ወጥ ላይ ጨው በዝቶ ነው አልኩ።

ስንዱ አየችኝ። እውነቱን አንድ በአንድ ታውቃለች፤ አፍ አውጥታ ብትናገር እዚያው መሬት በገባሁ ነበር። ግን በሰው ፊት ልታዋርደኝ አልፈለገችም። የእሷን ወጥ ለመቅመስ ሰው ሰበብ ፈልጎ ነው ቤታችን የሚመጣው፤ ያችው ስንዱ ስለ ጨው አበዛዝ ስትመከር ከሰዓቱ አለቀ። በመጨረሻ ተሳሳሙ ተባልንና እርቅ ወረደ። እግዚአብሔር ይይላችሁ ብላ ሸኘቻቸው።

የማኅበራችንን ነገር ደግሞ እዩልኝ። ሳምንት ሳይሞላ አያ ታከለ ከራሳቸው ንቦች አንዱን መንጋ አንስተው ሰጡኝ፤ በነጻ። ቤትህ ሰላም ከሆነ ንብም ይገባዋል አሉ። ቀፎውን በወይራ አጥነን አስገባናቸው። እስከዚያ ቀለሙም ደርቆ፣ ሽታው ጠፍቶ ነበርና ንቦቹ ተረጋጉ። አገሩ ሁሉ፣ አያችሁ፣ ሲታረቁ ንቡ ተቀመጠላቸው አለ። በዚህ ማኅበር እንዴት አልኮራ?

ስንዱ ግን የቧንቧ ውኃ ወረፋ በያዘች ቁጥር ስለ ጨው ትመከራለች። ጎረቤታችን ጨው የምትለካበት ትንሽ ማንኪያ ይዛላት መጣች። ስንዱ ማንኪያዋን አመስግና ተቀበለችና ግድግዳው ላይ፣ እኔ ከምቀመጥበት ፊት ለፊት ሰቀለችው። እኔም ቁርሴን ጀርባዬን ለማንኪያዋ ሰጥቼ መብላት ጀመርኩ።

በጥቅምት መጨረሻ እንግዶቹ ማኅበሩ ወደተሰበሰበበት ጓሮዬ መጡ። በስስ ሸሚዝ መጥተው ብርዳችን ሲያንቀጠቅጣቸው ማየት ራሱ ደስ ይላል። ለማኅበሩ አዲስ መጽሐፍ በስጦታ አመጡ፤ ያው የእኛው መጽሐፍ ነው፣ ግን ማር ያልነካው። አንባቢው ያንብብልን ተባለ። ተነሣሁ፤ ደረቴን ነፋሁ። ንብ ቀፎዋን ጥላ ስለምትሄድበት ምክንያት የሚለውን አወጣሁና ጉንዳን፣ የውኃ እጥረት፣ የእሳት እራት እያልኩ ወረድኩ። ገጹን ስገልጥ ጨርሶ የማላውቀው ገጽ መጣ። ንብ ያለበት ቀፎ ቀለም አይቀባም፣ ሽታው ንቦቹን ያስኮበልላል ይላል። ድምፄ ሸጋ ነውና ጮክ ብዬ አንብቤው ነበር።

እኔ እንደ ደነገጥኩ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። የእናንተ ንብ እንዲህ ሄዶ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ሳልከፍት ማኅበሩ በአንድ ድምፅ መለሰላት፤ የመምህር ሄዶበታል፣ ከሚስቱ ተጣልቶ፣ ጨው በዝቶ።

ስንዱ ለእንግዶቹ ዳቦና ማር ይዛ ከጓዳ እየወጣች ነበር። ሰማች። ትሪውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። አሥራ አንድ ዓመት ጎኔ የኖረች ሴት፣ በእኔ ክብር የተነሳ በሰው ፊት አንገቷን ደፋች። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ።

“ውሸት ነው” አልኩ። “አልተጣላንም። ስንዱ ጨው አብዝታ አታውቅም። ንቡ ውስጥ እያለ ቀፎውን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ተው ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።”

መጽሐፉን አጥፌ ለሊቀ መንበሩ ልሰጥ እጄን ዘረጋሁ። በቃ፣ ሌላ አንባቢ ፈልጉ ልል ነው።

አያ ታከለ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። “አያችሁ ልጆቼ” አሉ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ “ባል ማለት እንዲህ ነው። የሚስቱን ጥፋት ለመሸፈን ብሎ በእንግዳ ፊት ራሱን ጥፋተኛ አደረገ።”

ጭብጨባ ሆነ። እልልታም ነበር። የለም፣ እውነቴን ነው፣ የቀለሙን ጣሳ ላምጣላችሁ ብዬ ስምል ጭብጨባው ባሰ። ተማሪዎቹ በስልካቸው ቀረጹኝ። አያ ታከለ ደግሞ ወደ ስንዱ ዞር ብለው፣ እንዲህ ያለ ባል ይዘሽ ልጄ፣ ከእንግዲህስ ጨው ላይ ተጠንቀቂ አሏት።

እንግዶቹን መኪና ላይ አሳፍረን እንደ ሸኘን ስንዱ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጣላነው ያን ቀን ነው። ከጨውና ከማንኪያዋ ጀምራ የአሥራ አንዱን ዓመት አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው። እኔም ሰው ነኝ፣ መለስኩ። ጩኸታችን አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። ከቀፎው ሁለት እርምጃ ላይ ነው የቆምነው። ሊሄዱ ነው፣ አሁን ግልብጥ ብለው ሊወጡ ነው እያልኩ በጎን አያቸዋለሁ። ንቦቹ ግን የአደይ አበባ ዱቄት በእግራቸው ተሸክመው ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እኛን ከቁም ነገር አልቆጠሩንም።

ስንዱም ልብ አለቻቸው። የጀመረችውን ተወችና ቀፎውን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“እንግዲህ ይህንንም ለማኅበሩ አንብብላቸው” አለችኝ።