ዛፍ ቆርጦ ችግኝ ተካይ

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ችግኝ ለመትከል ብሎ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው አይታችኋል? እኔ መካነ ሰላም አካባቢ፣ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት አይቻለሁ። የመማሪያ ክፍል ስለጠበበ ልጄና የአንደኛ ክፍል ጓደኞቿ የሚማሩት ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ነበር። ከወረዳ የመጡት የ«አረንጓዴ ትምህርት ቤት» ፕሮግራም ኃላፊ ግን ለችግኝ ተከላው ባነር የሚሰቀልበት፣ እንግዳ የሚሰለፍበት ሜዳ ፈለጉ። ወይራው ተቆረጠ። ቅርንጫፉም የእንግዶቹ ምሳ ማብሰያ ሆነ።

በዕለቱ ኃላፊው ጓንት አጥልቀው ጎንበስ አሉ።

«ጌታው፣ ፊትዎ አልታየም» አላቸው ፎቶ አንሺው። ቀና አሉለት።

ጠጋ ብዬ፣ «ልጆቹ ነገ የት ሊማሩ ነው?» አልኳቸው።

«አብሽሩ አባባ፣ እኛ የምንሠራው ለመጪው ትውልድ ነው።»

«መጪውስ ይምጣ፤ የመጣውን የት ላስቀምጠው?»

«ይቺ ችግኝ ስታድግ ታጠላላቸዋለች።»

«እስከዚያማ ወላሂ ልጅ ወልደው ይድራሉ» ብላቸው ፎቶ አንሺው ሳቀ፤ እሳቸው ግን ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አለፉ። እንዲህ ያለ ሰው ያልተወለደውን ልጅ አጥብቆ ይወዳል፤ የተወለደው ግን ፎቶውን ያበላሽበታል።

በማግስቱ ልጄን ላያት ሄድኩ። እኩለ ቀን ነው። መምህሩ «ጻፉ» ይላሉ፤ እሷ ፀሐዩን ለመከለል ደብተሯን አናቷ ላይ ደፍታለች። ምን ላይ ትጻፍ?