የእትዬ ልኬት አይጦች

ሳይጠሩት መጥቶ ሰውን የሚለካ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም። አንዱ ደሞዝ ይለካል፣ ሌላው ትዳር። የእኛዋ የሚለኩት ልብ ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እሳቸው በሌሉበት ክብርት እትዬ ልኬት እንላቸዋለን።

ሥራቸው ከአይጥ ጋር ነው። በቤተ ሙከራቸው አንድ ዘረመል ሆን ተብሎ የወጣባቸው አይጦች አሉ። ምስኪኖቹ ዘረመሉ እንዳልወጣባቸው ወንድሞቻቸው ያንኑ በልተው እነሱ ብቻ ይወፍራሉ፤ ስኳራቸው ይወጣል፣ ሲቆይም የልባቸው ግድግዳ ይወፍራል። እትዬ ልኬት ይመዝኗቸዋል፣ ጅራታቸው ላይ ቀለበት የምታህል መለኪያ አስገብተው የደም ግፊታቸውን ያነባሉ። ይህ አልበቃ ብሏቸው ከሥራ ሲወጡ ወደ እኛ ይመጣሉ።

ሻይዬ ላይ ስኳር ስደግም፣ «እኔ አይጦቼ ላይ አይቼዋለሁ።» ከምሳ በኋላ ጋደም ስል፣ «እኔ አይጦቼ ላይ አይቼዋለሁ።» አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ደግሞ አንድን ሰው ለብቻው መለካት አይወዱም። ልዩነት የሚታየው የአንድ እናት ልጆች ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው ባይ ናቸው። አንድ ቀን ባለቤቴንና ታናሽ ወንድሟን ሶፋ ላይ ደርድረው ሲለኩ እኔም ክንዴን ዘረጋሁ። «አንተ ተወው፤ ለማነጻጸር አትሆነኝም» አሉኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው በልቼ ባዕድነቴን በሳይንስ ያረጋገጡልኝ እሳቸው ናቸው።

ተንኮላቸው ደግሞ ዝምታቸው ነው። የፈራች አይጥ ግፊት ውሸት ስለሆነ መጀመሪያ እጃቸውንና ክፍሉን ያለማምዷታል። እኛንም እንደዚሁ። ሊጠይቁን የመጡ መስሎን ዘና ስንል ክንዳችን ታስሮ እናገኘዋለን።

ታዲያ ባለፈው ወር አማቴ የዓይን ሞራቸውን ሊገፈፉ ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ልጆቻቸውን በድምፅ ነበር የሚለዩት። ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደው ሁለት ጊዜ ግፊታቸው ከፍ አለና ተመለሱ። አሁንም ካልወረደ ተራው ለሌላ ይሰጣል ተባለ። አማቴ ይቅርብኝ፣ ያየሁት ይበቃኛል አሉ። ባለቤቴ አለቀሰች።

በቀጠሮው ቀን እትዬ ልኬት ማልደው መጡ። ነርሷን ለምነው ጥግ ላይ ያለች ጸጥ ያለች ክፍል አገኙ። ግማሹን መብራት አጠፉ፤ ወሬኛ ነህ ብለው እኔን በር ላይ አቆሙኝ። እጃቸውን አሻሽተው አሞቁና የእናታቸውን ክንድ ያዙ። ከዚያ የመለኪያውን ጨርቅ ያስራሉ፣ ሳይለኩ ይፈታሉ፤ ደግሞ ያስራሉ፣ ይፈታሉ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አማቴ።

«ምንም፣ እማዬ። እያለማመድኩሽ ነው።»

ነርሷ ገብታ ስትለካ ግፊቱ ወርዷል። ለካ ሐኪሙ ያዘዘላቸው የግፊት ኪኒን ሲሠራ ከርሟል፤ ያስቸገረው ፍርሃቱ ነው። ሞራው ተገፈፈ።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ አማቴ መጀመሪያ ያዩት ትልቋን ልጃቸውን ነበር። አዩዋት፣ አዩዋትና፣ «ጠቁረሻል፣ ልጄ። ለመሆኑ አንቺን ማን ይለካሻል?» አሉ።

እትዬ ልኬት የተነሳውን ፋሻ ማጠፍ ጀመሩ። ያን ሁሉ ጊዜ ከእሳቸው ክንዳችንን ስንሸሽግ፣ የእሳቸውን ክንድ ያሰበ ከመሃላችን አንድም አልነበረም።

እሑድ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡ። መለኪያውን ተቀበልኳቸውና ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው አልኳቸው። ለማነጻጸሪያ ባለቤቴን አጠገባቸው አስቀመጥኳት። እትዬ ልኬት ሳቅ ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ከፍ ካለ ደንግጬ ነው እሺ?» አሉኝ፣ እንደ ልጅ።

ጨርቁን አሰርኩ፣ ሳልለካ ፈታሁ። ደግሞ አሰርኩ፣ ፈታሁ። ከዚያ እጄን አሻሽቼ አሞቅኩና ክንዳቸውን ያዝኩ።