ለፍሪጁ የቀረበው የጋብቻ ጥያቄ

የአዲስ አበባ ሰው ሞትን አይፈራም፤ የሚፈራው የተከፈተ የታክሲ መስኮት ነው! ካላመናችሁኝ ዛሬውኑ ሞክሩት። ወያላው ሰው በሰው ላይ ሲደራርብ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሹፌሩ በተሳሳተ መስመር ሽው ሲል ዝም፣ በሩ በገመድ ታስሮ ሲንቋቋ ዝም። እናንተ ግን "አየር አጠረኝ" ብላችሁ መስኮቷን ጣት የምታስገባ ያህል ፈቀቅ አድርጓትማ!

"ኧረ ዝጉት! ኧረ በብርድ ልታስጨርሱን ነው!"

እኔ ይህን ነገር አሜን ብዬ መቀበል አቃተኝ። ጥፋቱ የአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ከአዟሪ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ የፍልስፍና መጽሐፍ ገዝቼ ካነበብኩ ወዲህ ሰው የሚለውን ሁሉ መጠርጠር ጀመርኩ። ደግሞ ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር" ብለው አባቶቻችን ጨርሰውታል። ልዩነቱ እነሱ ጠርጥረውም ገንፎውን ይበሉታል፤ እኔ "ስንጥሩ የታለ?" እያልኩ ገንፎው ይቀዘቅዝብኛል።

ማታ ቤት ከተጠረገ ሀብት ይወጣል ሲሉኝ "ቀን ሲጠረግስ ምን ይዞት ይቀራል?" እላለሁ። ምች መታኝ ያለኝን ሰው "መልኩ ምን ይመስላል? ብታየው ትለየዋለህ?" ብዬ እንደ ፖሊስ እመረምራለሁ። በዚህ ጠባዬ ምክንያት ጠበል ጠዲቅ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው እየጠፋ መጥቷል።

ስለ ታክሲ መስኮት ግን የማይረታ ክርክር ነበረኝ። ሹፌሩስ? ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚውለው። ነፋስ የሚገድል ቢሆን ኖሮ የከተማው ሹፌር አልቆ ሁላችንም በእግራችን እንሄድ ነበር። ይህን ባልኩ ቁጥር ታዲያ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት፣ "እሱማ ለምዶታል!" ይሉኛል። ለምዶታል! እስቲ አሁን ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? ሳይለምደው በፊት እንዴት እንደተረፈ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

በዚህ ዓለም ላይ የተረዳችኝ ሰው ትዕግስት ብቻ ናት። የተዋወቅነውም በመስኮት ነው። ከካዛንቺስ በተሳፈርንበት ታክሲ መስኮት ከፍታ ሰው ሁሉ ሲጮህባት፣ እኔ ጎንበስ እንዳልኩ ተነስቼ (ታክሲ ውስጥ ቀጥ ብሎ መነሳት እንደሌለ ታውቃላችሁ) ስለ ንጹህ አየር ንግግር አደረግሁ። ባምቢስ ላይ ሁለታችንንም አወረዱን። በእግራችን ስንሄድ፣ "እንዳንተ ያለ ሰው አገር ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር" አለችኝ። በቃ! በዚያው ቀረሁ።

የቀረው አባቷ ናቸው። አቶ ደምሴ ለአንድ ልጃቸው ጥብቅ ሰው ናቸው፤ "እኔ ቤት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አይመጣም" የሚል ሕግ አላቸው። ማለቴ፣ ያኔውኑ ከተሳካ ተሳካ፣ ካልተሳካ ትዕግስትን እርሷት ነው። እኔም ቄራ ያሉትን ጎረቤቴን ጋሽ ወርቁን ለመንኩ። አፋቸው ማር ነው፤ ስንቱን የተጣላ አስታርቀዋል። ሁለተኛው ወሎ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሰይድ ናቸው። በወጉ ሦስት መሆን ነበረባቸው፤ ሦስተኛው ምች መታኝ ብሎ ቀረ።

እሁድ ጠዋት ካዛንቺስ ወዳለው የአቶ ደምሴ ቤት ለመሄድ ታክሲ ተሳፈርን። ጋሽ ወርቁ ለክብሬ ብለው ፀጉራቸውን ታጥበው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮት ዳር ተቀምጠዋል። ታክሲው ታፍኗል። እኔም እጄ አላርፍ ብሎ መስኮቱን ከፈትኩት።

"ዳኜ፣ ዝጋው እንጂ ልጄ። ጭንቅላቴ እርጥብ ነው።"

"ጋሼ፣ ብርድ ይመታል የሚባለው እኮ ወሬ ነው።"

"እንዴት አባቱ ወሬ ነው?"

"ከፈለጉ ይሞክሩት። አንገትዎን ወደ መስኮቱ መልሰው እስከ ካዛንቺስ ይሂዱ። አንድ ነገር ከሆኑ ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም።"

"ኧረ ተው አንተ ልጅ!" አሉ ሐጂ ሰይድ። "ለዚህ ነገር ሌላ ቀን አጣህለት?"

ጋሽ ወርቁ ግን እልህ ያዛቸው። "እኔ ወርቁ ነፋስ ልፈራ?" ብለው አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና እርጥብ ፀጉራቸውን ለነፋሱ ሰጡት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው!

ካዛንቺስ ደረስን። ወያላው በሩን ከፈተ። ጋሽ ወርቁ አሁንም ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ።

"ጋሼ፣ መውረጃው በዚህ በኩል ነው።"

"አውቃለሁ" አሉኝ ወደ መስኮቱ እንዳዩ። "የማያውቀው አንገቴ ነው።"

ብናሽ፣ ብንጎትት፣ ወይ ፍንክች! ወደ ግራ ዞሮ ቀርቷል። ቀጠሮው ደግሞ ደርሷል፤ ሽማግሌ ዘግይቶ ከሚገባ ተጣሞ ቢገባ ይሻላል ብለን ሁለቱ ገቡ። ጠያቂው በሽምግልና ስለማይገኝ እኔ ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ጁስ ቤት ተቀምጬ ሞባይሌን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። ትዕግስት ከወጥ ቤት ሆና በሹክሹክታ ታስተላልፍልኛለች።

"ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል።"

"ጎሽ! እሺ?"

"ጋሽ ወርቁ ጀመሩ… ውይ ንግግራቸው ሲያምር!"

"እሺ፣ እሺ?"

"ግን ለምንድነው ለፍሪጁ የሚናገሩት?"

እንደምታውቁት በእኛ አገር ፍሪጅ ወጥ ቤት አይውልም። የክብር እንግዳ ነው፤ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል። የአቶ ደምሴ ፍሪጅ ከበሩ በስተግራ ነበር የቆመው። ጋሽ ወርቁ "የተከበሩ ጌታዬ፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን በትሕትና…" እያሉ እጅ ነሱት። ሐጂ ሰይድ ደንግጠው በትከሻቸው ይዘው ሊያዞሯቸው ሞከሩ። ፊታቸው ወደ አቶ ደምሴ ሲመጣ ሆዳቸው ወደ በሩ ሄደ፤ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ሹልክ ብለው ሊወጡ ያሰቡ መሰሉ። መልሰው አዞሯቸው። ፍሪጁ ይሻላል ተባለ።

"ሽማግሌው፣" አሉ አቶ ደምሴ፣ "ልጄን የምትጠይቁት እኔን ነው ወይስ ፍሪጁን?"

"እርስዎን ነው ጌታዬ፤ ብርድ መትቶኝ ነው።"

"ማን መስኮት ከፍቶብዎት?"

ከዚያ ትዕግስት፣ "ሐጂ ሰይድ ተናገሩ! አባዬ 'እሱ ራሱ ይምጣ' አለ… ቶሎ ና!" አለችኝ።

ጠያቂ ሆኖ በገዛ ሽምግልናው መሀል ተጠርቶ የገባ ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ገብቼ እጅ ነሳሁ።

"አንተ ነህ ብርድ የለም የምትለው?"

"አይ፣ ማለቴ…"

"የእኚህ ሰው አንገትስ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። መጽሐፉ አልለቀቀኝም። "ጋሽ ደምሴ፣ በሳይንስ አንድ አንገት እኮ ማስረጃ አይሆንም" አልኩ።

"ስንት አንገት ይበቃሃል? የእኔን ልጨምርልህ? በብርድ የማያምን ሰው ልጄን ምን አልብሶ ሊያኖራት ነው?"

"ልጅ ነው ጌታዬ፣ ይማራል" አሉ ጋሽ ወርቁ ለፍሪጁ።

"እሺ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ" አሉ አቶ ደምሴ ከወንበራቸው ተነስተው። "ብርድ አለ ወይስ የለም?"

መሬት ትዞራለች በማለቱ ተከስሶ በግድ ቃሉን ያጠፈው ሰው ትዝ አለኝ። በጣም አዘንኩለት፤ እሱ እንኳ መሬትን እንጂ ትዕግስትን አልነበረም የሚያጣው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ያለሷ መኖር ፈራሁ።

"አለ!" አልኩ።

"ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ሲከፈትስ?"

"እሱማ መድኃኒትም የለው!"

የአቶ ደምሴ ፊት ፈካ። "በሉ ተቀመጡ፤ ሰጥቻለሁ" አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። በእልልታው መሀል ከወጥ ቤት የድስት ክዳን ሲወረወር ተሰማ።

ስወጣ ትዕግስት በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ካድክ አይደል?"

"ላንቺ ስል እኮ ነው!"

"ለእኔ ስትል የተዋወቅንበትን መስኮት ዘጋህ? አባቴ ሰጥቶሃል፤ እኔ ግን ገና አልሰጠሁም። የሠርጋችን ቀን የሙሽራው መኪና መስኮት ግራና ቀኝ ካልተከፈተ፣ ፍሪጁን አግባ!"

ምን ላድርግ? ያለፈው ቅዳሜ ተጋባን። መስኮቶቹ ግራና ቀኝ ወለል ብለው ተከፍተው፣ ቬሏ እየተውለበለበ፣ ካዛንቺስን በጥሩንባ ስናቀውጠው አቶ ደምሴ ከኋላ መኪና አንገታቸውን አውጥተው "ዝጉት!" እያሉ ይጮኻሉ። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ፍቅርም እውነትም በአንድ መኪና ውስጥ!

በማግስቱ መልስ ተጠራን። ጠዋት ስነሳ… እንግዲህ ገብቷችኋል። አንገቴ ወደ ግራ!

አማቼ ቤት ገባሁ። በወጉ ማመስገን ነበረብኝና ጎንበስ ብዬ፣ "ልጅዎን ስለሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት ፍሪጁን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ወርቁ፣ ዛሬ በጤነኛ አንገታቸው፣ እያነቡ ሳቁ። አቶ ደምሴ የገዛ ሻርፓቸውን ፈትተው መጡ።

"አንድ አንገት አይበቃም ብለህ ነበር። ይኸው ሁለት ሆነልህ።"

ልቀበል ምንም አልቀረኝም ነበር። ድንገት ግን ብልጭ አለልኝ። ትዕግስት እኮ ከእኔ ጋር ነበረች፤ ያውም መስኮት ዳር! አሁን እዚያ ማዶ አንገቷን እንደ ልቧ እያዟዟረች እንግዳ ታስተናግዳለች።

"ጋሽ ደምሴ!" አልኩ በድል አድራጊነት። "ትዕግስትስ? የሷ አንገት ለምን ምንም አልሆነም?"

አማቼ ሻርፑን አንገቴ ላይ ጠበቅ አደረጉት።

"እሷማ ለምዳዋለች!"

ለዚህ መልስ ያለው አንባቢ ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ ብቻ እባካችሁ፣ በግራ በኩል ኑልኝ።