ጫማ የማስያዝ ጨዋታ

ጥንቁቅ ሰው ሲሳሳት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዝም ብሎ አይሳሳትም። መጀመሪያ ያቅዳል፤ ዕቅዱን በንጹሕ ወረቀት ይገለብጣል፤ ከዚያ በዕቅዱ መሠረት ይሳሳታል። እኔ እንደዚያ ነኝ።

በደርግ ዘመን ነው፤ ላሊበላ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጋር የአንድ አፍሪካዊ መንደር ታሪክ እናነባለን። ነጮች ይመጣሉ፣ መሬቱን ይከፋፈላሉ፣ ሰዉም እሺ ይላል። ቅኝ ግዛት ምንድን ነው ስላቸው ከፖለቲካ ትምህርት የሸመደዱትን ያንበለብሉታል። ገብቷቸው ይሆን? እንጃ። አንድ ቀን ሰይድ የሚባል ተከራካሪ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ለምንድን ነው እሺ ያሉት? እነሱ አገር ምድሩን ሞልተውት፣ እነዚያ አራት አይሞሉ! አንድ እምቢ የሚል ይጥፋ?»

ሁለት ቀን አሰብኩና ጨዋታ ፈጠርኩ። ሰባት ደንብ ጻፍኩለት። ሦስት ልጆች ባዕዳን ይሆናሉ፤ ወለሉን በጠመኔ ይከፋፍላሉ፤ ሌላው ያለ እነሱ ፈቃድ አይንቀሳቀስም፤ እያለ ይቀጥላል። የገዥዎቹ አለቃ እንድትሆን ፈንታነሽን መረጥኩ። ዝምተኛ ስለሆነች አታበዛውም ብዬ ነው። ካልጠረጠሩ ይመነጠሩ ይባል የለ? እኔ፣ ሁሉን የምጠረጥረው ሰውዬ፣ እሷን አልጠረጠርኩም።

ፈንታነሽ የጋሸና ልጅ ናት። እናቷ ምግብ ቤት ያላት መገንጠያው ላይ፣ ከኬላው ፊት ለፊት ነው። ነጭ ገዥ አይታ አታውቅም፤ የኬላ ጠባቂ ግን እያየች ነው ያደገችው። ጠመኔውን እንደያዘች ድምፅዋ ተለወጠ።

«የይለፍ ወረቀት! ለምን ጉዳይ ነው የምትሄደው? ማን ያውቅሃል?»

ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ለመሄድ ነው እንግዲህ። ሰይድ መስኮት ልክፈት ቢላት በጽሑፍ አመልክት አለችው። ልጆቹ መሹለክ ሲጀምሩ ደግሞ ከእኔ ሰባት ደንቦች ውስጥ የሌለ ስምንተኛ አወጣች። ከመስመሩ የሚወጣ ሁሉ አንድ እግር ጫማውን ያስይዛል! በረባሶው፣ ኮንጎው ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ተደረደረ። ለምን ያለ የለም። የኛ አገር ሰው በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ደጃፍ ለምዶታል፤ ጫማ አውልቅ ሲሉት እጁ ቀድሞ ይታዘዛል።

ልጆቹ ይንከተከታሉ። እኔ ሰባቱን ደንቦቼን አውጥቼ አገላበጥኩ። ይሄ የት የተጻፈ ቅኝ ግዛት ነው? ይሄማ የኛው ቀበሌ ነው! አቁሙ ልበል? ለምን ቢሉኝስ? ይህን ሳሰላ ቀና ብል በሩ ላይ የወረዳው ካድሬ ጓድ ታረቀኝ ቆሟል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ፈንታነሽ ዞር አለችና «ጫማ!» አለችው።

ጓድ ታረቀኝ ጎንበስ ብሎ አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ እንዳላየሁ ሆንኩ። ኋላ ተቀምጦ ብዙ ጻፈ። ደወል ሲደወል ጫማውን እያጠለቀ እንዲህ አለኝ፦ «ጓድ መምህር፣ የኢምፔሪያሊስቶችን ግፍ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ሰው የለም። ለቀበሌው ሊቀ መንበር አቀርበዋለሁ። ቅዳሜ ስብሰባ እንዳትቀር።»

አሽሙር ነው? ምስጋና ነው? ወረቀት ለሁለት ከፍዬ የሚያሳስሩኝን ምክንያቶች በግራ፣ የማያሳስሩኝን በቀኝ ጻፍኩ። በግራ ዘጠኝ ሞላ። በቀኝ አንድ ነበር፤ እሱንም ሰረዝኩት። ቅዳሜ ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ቅያሪ ሸሚዝ በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ጎረቤቴ መሪጌታ ቦርሳዬን አይተው መንገድ ልትሄድ ነው እንዴ አሉኝ። ምናልባት አልኳቸው።

ሊቀ መንበሩ ተነሣ። «ጓዶች! በስብሰባ መሐል እየሾለካችሁ የምትወጡ እንዳላችሁ እናውቃለን። ጓድ ታረቀኝ ከትምህርት ቤታችን ግሩም አሠራር አግኝተዋል። ከዛሬ ጀምሮ ተሰብሳቢ ሁሉ ጫማውን ያስይዛል! ስብሰባው ሲያልቅ ይረከባል።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ምነው ጓድ ሊቀ መንበር፣» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «እዚህ ቤት ታቦት ገባ እንዴ?»

የታፈነ ሳቅ ከወዲያ ወዲህ አለ። እኛ አዳራሹን ሞልተነዋል። መድረኩ ላይ ያሉት አራት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። አንድ ሰው ብቻ እምቢ ቢል ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ጎንበስ ቢልም ሌላው ይከተላል። ሁሉም የመጀመሪያውን ሰው ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ሰው ጎንበስ አለ። ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ የታቀፈው ሰውዬ ነው።

ከኋላዬ፣ ከአባቱ ጎን የተቀመጠው ሰይድ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«መምህር፣ ጥያቄዬ ተመልሷል።»

ጎበዝ ልለው ይገባ ነበር። ግን የሁለተኛው ጫማዬ ክር ተቋጥሮ አልፈታ ብሎኝ እየታገልኩ ነበር።